የጉሊ ሐይቅን መንገድ ስለፈቀዱልን

ለክቡር የሰሜን ግጦሽና የመንጋ መንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለቢሮዎ ማሞቂያም ጤና እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የማሞቂያውን ጤና ያነሣሁት፣ የውጭው አየር በየዓመቱ ሥራውን እየተሻማበት ስለሆነ እንዳይከፋው ብዬ ነው። እኛ የሳልቫ ሸለቆ አጋዘን አርቢዎችም የተረፈልንን ይዘን ደህና ነን።

ስሜ ራቭና ይባላል። አባታችን ካረፈ ወዲህ መንጋውን ከታላቅ ወንድሜ ከዮቭናና ከአጎታችን ከኢሳት ጋር የምጠብቅ፣ ከሰሜኑ የሳሚ ሕዝብ የተወለድኩ ሴት ነኝ። ቢሮዎ ያልተቆጠረ ነገር እንደማያነብ ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዝናቡ። ባለፈው ጥር፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ሊሆን በሚገባበት ወር፣ በበረዶው ላይ ዝናብ ሳያባራ ዘነበብን። ወዲያው ብርዱ ተመለሰና የዘነበውን ሁሉ ግግር በረዶ አደረገው። አጋዘኖቻችን እስከ ጸደይ እየጋጡ የሚኖሩበት የመሬት ሽበት፣ ያ መሬቱን የሚያለብሰው ግራጫ ተክል፣ ከግግሩ ሥር ተቆለፈ። አጋዘን ሽበቱን የምታገኘው በበረዶው ውስጥ አሽትታ ነው፤ ግግር ግን ሽታ አያሳልፍም። ቦታውን በልምድ ያወቁትም ሲቆፍሩ ሰኮናቸው እየደማ ሜዳውን ቀይ ነጠብጣብ አደረጉት።

ዮቭና ወደ ቢሮዎ ደወለ። «አሁኑኑ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ካልወረድን መንጋው ማለቁ ነው፤ እዚያ መሬቱ ገላጣ ነው» ቢላቸው፣ ስልኩን ያነሡት ሠራተኛዎ በትሕትና «ዳርቻው የሚከፈተው በሚያዝያ ነው። ደግሞ እኛ ጋ ያለው መረጃ በቂ በረዶ አለ ነው የሚለው» አሉት።

«በረዶማ አለ ጌታዬ» አለ ዮቭና። «መረጃው አልዋሸም። የጠፋው ምግቡ ነው።»

ስለዚህ ማረጋገጫ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። አጎቴ ኢሳትም መልሱን ሲሰማ፣ ጎኗ ወደ ገባ አንዲት እናት አጋዘን ጠጋ ብሎ «ሰማሽ? ጠግበሻል ተብሏል» ሲል መልእክትዎን አድርሷል።

ሁለተኛ፣ ወይዘሪት ሶልቬግን ስለላኩልን። አቤቱታችን ሲበዛ ጉዳዩን በዓይኗ እንድታይ የላኳት ይህች ወጣት ሠራተኛ በከተማ ጫማ ነበር የመጣችው፤ ከመኪናዋ እስከ ደጃችን የደረሰችው ተቀምጣ እየተንሸራተተች ነው። አጎቴ እጇን ይዞ እያነሣ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። በእግርሽ ባይሆንም መጥተሻል» አላት። ከልቧ ሳቀች፤ እኔም ወደድኳት።

ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀችም። በመጥረቢያ ግግሩን ፈልጣ ሽበቱን በእጇ ነካችው። የወደቁትን እየዞረች አየች። «አባባ፣ ለምን ድርቆሽ አትሰጧቸውም?» ብላ ጠየቀችው።

«እየሰጠን ነው» አላት አጎቴ። «ግን በረሃብ የከረመ የአጋዘን ሆድ ድርቆሹን መፍጨት ያቅተዋል። ያቺን አየሻት? የሞተችው ሆዷ ሞልቶ ነው።»

ሶልቬግ ወደ ከተማ ተመልሳ መንጋው ሳይውል ሳያድር ይንቀሳቀስ ብላ ጻፈችልዎ። ክቡርነትዎም አንብበው ወዲያውኑ እርምጃ ወስደዋል፤ ወደ ዓሣ ጉዳዮች ክፍል አዛውረዋታል። ለፍጥነትዎ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ በመርሐ ግብርዎ ላይ ስላመፁ ፍጥረታት ጥቆማ ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ድሮ ከወንዙ ዳር አልፎ የማያውቀው አኻያ ያለ ፈቃድ ወደ ሜዳው ሽቅብ እየወጣ፣ ሽበቱን በጥላው እያጠፋው ነው። ብርዱ እንቁላሉን ይገድልልን የነበረው አባጨጓሬም ብርዱ ሲለዝብለት የበርች ደኖቻችንን ቅጠል ግጦ፣ በበጋ እንጨት ብቻ አቁሞልናል። ግግሩ የበረዶ አይጦችን ከበረዶው ሥር ያለ መተላለፊያቸውን ደፍኖ ስለፈጃቸው፣ እነሱን እየበላ የሚኖረው ነጭ ቀበሮ ከአካባቢያችን ጠፋ፤ ከደቡብ የመጣው ቀይ ቀበሮም ማንንም ሳያስፈቅድ ጉድጓዱን ወርሷል።

ቀጠሮ የሚያከብር አንድ ፍጥረት ብቻ ቀርቶልዎታል፤ የበረዶ ቆቅ። ቆቅ በየዓመቱ ጊዜዋን ጠብቃ ላባዋን ወደ ነጭ ትለውጣለች። በረዶው ግን ይዘገያል። ስለዚህ በቡናማው ሜዳ መካከል ታጥቦ እንደተሰጣ ሸሚዝ ጉልህ ብላ ትቀመጣለች፤ ጭልፊቱም መፈለግ አያስፈልገውም። አጎቴ አንዷን አይቶ «ይቺ የመንግሥት ሠራተኛ ሳትሆን አትቀርም» ብሏል። ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደሆነው ልንገርዎ።

ፈቃድዎ በመጋቢት መጨረሻ ደረሰን። ከመንጋው የቀረው ሲራመድ የሚወላገድ ነበር፤ ቢሆንም ደስ አለን። ፈቃዱ ግን መንጋው በጉሊ ሐይቅ ላይ ብቻ እንዲያልፍ ያዝዛል፤ በዳር ያለው መንገድ የወፎች መጠለያ ስለሆነ ተከልክሏል። ሐይቁ በአባቶቻችን ዘመን እስከ ግንቦት ድረስ መንጋ ይሸከም ነበር፤ ካርታዎም የተሠራው ያኔ ነው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ አጎቴ ቆመ። «ቀለሙ አላማረኝም» አለ። «ጠቁሯል።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለ ዮቭና። «በዳር ብንሄድ ፈቃዱን ይነጥቁናል። ብንቀመጥ እዚሁ ያልቃሉ። ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው እኔ ልቅደም። ካንተ እኔ እቀላለሁ።»

«ተው አጎቴ። አንተ ገመዱን ያዝና ከኋላዬ ሁን።»

ዮቭና መሪውን ነጭ ሰንጋ አጋዘን እየሳበ ወደ ሐይቁ ገባ። ያንን ሰንጋ ከግልገልነቱ ጀምሮ በእጁ ነው ያሳደገው፤ ቃጭሉን ሲሰሙ ሌሎቹ ሳይነዱ ይከተላሉ። እኔ ከውሻዬ ጋር ኋላ ኋላ እነዳ ነበር። መካከል ላይ ሲደርሱ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ሰንጋው ወረደ። የመሳቢያው ገመድ በዮቭና እጅ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሱንም ይዞት ወረደ።

አጋዘን ሲደነግጥ አይበተንም፤ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይዞራል። እንደዚያው ዞሩ። በዞሩበት ሁሉ ግግሩ ከሥራቸው ከዳ።

አጎቴ በሆዱ ተኝቶ ገመዱን ወረወረ። ሳተው። እኔም ሮጬ ደርሼ ከኋላው ተኛሁና ሁለት ቁርጭምጭሚቶቹን ያዝኩ፤ በድጋሚ ወረወረ። ገመዱን በወንድሜ ብብት ሥር አጥልቀን ሳብነው። ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ በእንብርክኩ ሊሄድ ታገለን። ሰንጋው ቀንዱ ከላይ ሆኖ ገና ይተነፍስ ነበር።

«ዮቭና» አለው አጎቴ። «አትየው። እኔን እየኝ።»

የሚቃጠል ነገር ፈልገን አሞቅነው። ገመዱ የተጠመጠመባቸው ጣቶቹ ግን አልተረፉም፤ ሐኪሙ በኋላ ቆረጣቸው። ከመንጋው ኋላ የነበሩት ከውሻዬ ጋር ወደ ዳር ተመለሱ። ሌሎቹ አልተመለሱም። ስንት እንደጠፉ የላኩልኝ ቅጽ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የሰው መንጋ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ፣ እርስዎንም ከነውሩ ለማዳን ባዶ ትቼዋለሁ። በማጠቃለያዎ ላይ ነገሩን «ያልተጠበቀ የተፈጥሮ ክስተት» ብለውታል። አጎቴ ጠብቆት እንደነበር ልብ ይሏል።

ዮቭና ለብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር። «እኔ ነኝ የመራኋቸው» ይላል። ምግብ ስንቀርብ ይላል፤ ጫማውን ሲያስር ይላል። «የታዘዝከውን መንገድ ነው የሄድከው» ስለው፣ «እነሱ ግን የተከተሉት እኔን ነው» ይለኛል። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ መልስ የሚሰጥ ክፍል በቢሮዎ ካለ በየትኛው በር እንደሚገባ ቢጠቁሙኝ ውለታዎ ነው።

ያን ዕለት የተረፉትን ይዘን የሄድነው በተከለከለው የዳር መንገድ ነው። ወንድሜን በረዶ ላይ በሚንሸራተተው ጋሪያችን ጠቅልለን አስተኝተነው ነበር። አንድም ወፍ ሲነሣ አላየንም። ባሕሩ ዳርቻ ስንደርስ አጋዘኖቹ ገላጣው መሬት ላይ አንገታቸውን ደፍተው ጋጡ፤ ቀና የሚል አልነበረም። በግንቦት የመጀመሪያዋ እናት ወለደች። ግልገሉ ሊቆም ሲል እየወደቀ፣ ሲወድቅ እየተነሣ፣ በመጨረሻ ወደ ዮቭና ተንገዳግዶ በፋሻ የታሰረ እጁን ሊጠባ ሞከረ። ወንድሜ «ተሳስተሃል ጎረምሳው» አለውና ወደ እናቱ አዞረው። ከሐይቁ ወዲህ ሌላ ነገር ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። አጎቴ ቀበቶውን የሚያጠብቅ መስሎ ፊቱን አዞረ።

በዚያው ሳምንት፣ በተከለከለ መንገድ መንጋ ስለነዳን የላኩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ጥፋተኛው እንዲገለጽ ጠይቀዋል። እነሆ ገለጽኩ፤ በዳር እንሂድ ያልኩት እኔ ራቭና ነኝ። ወንድሜ ራሱን ስቶ ነበር፤ አጎቴም አልተቃወመም፣ ግን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ዘንድሮም እንዳይደክሙ ከወዲሁ ላሳውቅዎ። በበረዶው ላይ ዝናብ የጣለ ዕለት ሳንደውል፣ ሳንጽፍ፣ ሚያዝያን ሳንጠብቅ በዳሩ መንገድ እንወርዳለን። የሸለቆው ቤተሰቦች በሙሉ ተስማምተናል፤ አንዱን ለይተው ለመክሰስ ይቸገራሉ። ሊያስቆሙን ከፈለጉ መንገዱ ላይ ያገኙናል፤ እባክዎ የሚመች ጫማ አድርገው ይምጡ።

የቢሮዎ ሙቀት እንዳይጓደል፣ ካርታዎም እንዳይታጠፍ እየተመኘሁ፣ ለደረሰብን በጎ ነገር ሁሉ ባለውለታዎ፣ ለቀረውም ምስክርዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ራቭና፣ ከሳልቫ ሸለቆ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ በየዓመቱ የሚያሳትመውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ለመጋቢት የመረጡት ፎቶግራፍ የእኛ መንጋ በደጉ ዓመት ጉሊን ሲሻገር የተነሣው ነው፤ ወንድሜም ከነጣቶቹ ከፊት ይታያል። ለሚቀጥለው እትም አዲስ ፎቶ ካስፈለገ ፎቶ አንሺዎን በመስከረም ይላኩት። ውሃው ያኔ ስለሚጎድል ቀንዶቹ ከዳር ለቆመ ሰው ይታያሉ።