ሰርቪስ የሚሉት ቃል

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሰርቪሱን ከጋራዥ አወጣሁ። ዘይቱ ተቀይሯል፣ ፍሬኑም ደህና ይይዛል። ሞተሩ እስኪሞቅ ጸሎቴን አደረስኩ። ከዚያ እንደ ወትሮው ሠራተኞቹን ከየፌርማታው ለቃቅሜ ፋብሪካ።

ከኋላዬ ያለው ወንበር ዛሬም ባዶ ሄደ። የባለቤቴ ነበር። ማሸጊያ ክፍል ነበር የምትሠራው። ሰርቪስ ውስጥ ሁሉም የየራሱ ወንበር አለው፤ የደለደለው የለም፣ የሚሳሳትም የለም። ካረፈች ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔም ተቀመጡ አላልኩም።

ማታ ልጄ ሲቁነጠነጥ ቆየና፣ "አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ..." አለ። እንዲህ ሲጀምር ጥሩ ነገር ኖሮት አያውቅም።

ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። እናቷ መጥታ ልታርሳት ነው። "ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ክፍል ቀለም ቀብተን፣ አሳምረን... አንተ ክፍልህን ለእሷ ለቀህ እዚያ ብትሆን። ለጊዜው ነው።"

ለጊዜው! የአሮጌ ጎማና የበርሜል ማደሪያ። በገዛ ቤቴ።

እሺም እምቢም አላልኩ። ሴትዮዋ ለምን እዚያ አትሆንም? አፌ አላወጣውም። ልቤ ግን ብሎታል። ይህን የዶለተችው ምራቴ ናት... ሌላ ማን ይሆናል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

"ሹፌር፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለ ሬዲዮ። የጥገና ሠራተኛ ነው፤ አፉ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የምንለው።

"ልጄ ሰርቪስ ግባ አለኝ።" አመለጠኝ።

"ታዲያ ዕድሜህን ሰርቪስ ውስጥ አይደል እንዴ ያለኸው!"

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው? የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ሰርቪሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው አለች፤ ባለ አበባ ሳህን፣ እንግዳ ካልመጣ የማይነካ። ሌላዋ ደግሞ፣ ሰው ኃይል ቢሮ ሰርቪስሽ ስንት ዓመት ነው ሲሉሽ አርጅተሻል ማለታቸው ነው አለች። "የኔ ስልክ ሰርቪስ የለም ትላለች፣ እንደ ሚስቴ" አለ ሬዲዮ። "ቴኒስ ላይ ግን ኳስ መምታት ነው።"

"አንተ ደግሞ ቴኒስ የት ታውቃለህ?"

"በቴሌቪዥን ነዋ!"

"ለማንኛውም ሥሩ ማገልገል ነው" አለች የሂሳቧ ሴትዮ።

ማገልገል... ጧት ማታ በጸሎቴ "አገልጋይህ ነኝ" እላለሁ። ጌታዬ፣ ታዲያ ጓሮ ግባ ስባል ለምን አንጀቴ ተቃጠለ? ያ ሁሉ የአፍ ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ልጄ ቀለም ገዝቶ መጣ። ሳልመልስለት። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ምን ነካኝ?

ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ቆምኩ። በሩን ከፈትኩ። ባለቤቴ ትሳፈርበት የነበረ ፌርማታ ነው። እኔ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጋራዥ ስሄድ እሷ ቀርታ፣ በኋላ እዚያ ነበር የምትጠብቀኝ። አሁን ከዚያ የሚሳፈር የለም፤ ሁልጊዜ አልፌው ነው የምሄደው። ዛሬ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደምትመጣ ሁሉ... መንገዱን እያየሁ።

ሰው ሁሉ ጸጥ። ሬዲዮ እንኳ። ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ነው የባነንኩት። በሩን ዘግቼ ነዳሁ።

አለቃው ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ፣ "ምነው ዘገያችሁ?"

"ጎማ ተንፍሶብን" አለ ሬዲዮ፣ ሳያፍር።

"አዎ፣ ጎማ! ጎማ!" ሁሉም።

ለእኔ ብለው ዋሹ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። አፌን ይዤ የቆምኩትን እኔንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ማሸጊያ ክፍል አዲስ ልጅ ተቀጥራለች። ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ገባችና ከኋላዬ ቁጭ አለች።

"ኧረ ተነሺ፣ ተነሺ! ቦታው ሰው አለው!" አለቻት የሂሳቧ ሴትዮ።

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየች። "የታለ?"

ተነሳች። ሌላ ባዶ ወንበር ስላልነበረ እስከ ፋብሪካ ቆማ ሄደች። በየመታጠፊያው ስትንገዳገድ በመስታወቱ አየኋት።

የታለ? ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ዋለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

"ነይ ልጄ፣ እዚህ።"

"ሰው አለው ብለውኝ..."

"ነበረው። አሁን ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። መስታወቱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ከጸሎት ስመለስ ምራቴ ጓሮ፣ ሰርቪሱ ደፍ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች።

"ልጄ ልኮሽ ከሆነ..." አልኳት። ድምፄ ሻክሮ ነበር።

"ማንም አልላከኝም፣ አባባ። እንዲያውም እኔና ልጅዎ በዚሁ ተጣልተናል። እርስዎ ከክፍልዎ አይወጡም ብዬዋለሁ።"

"እናትሽስ?"

"እናቴ ሰው ቤት ስታገለግል ነው ያረጀችው። እኔም ያደግኩት እንደዚህ ያለ ሰርቪስ ውስጥ ነው። አሠሪዎቿ ዕቃ ሲበዛባቸው ጠረጴዛውም ብስክሌቱም ከእኛ አልጋ ጋር ያድር ነበር። አሁን ደግሞ እኔ ቤት መጥታ እዚህ ትግባ? ሳሎን ፍራሽ አነጥፍላታለሁ።"

እኔ ደግሞ... ስንት ቀን በልቤ ሳማት ከረምኩ! ከጸሎት እየተነሳሁ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ጎማውንና በርሜሉን አወጣሁ። ሰርቪሱን ልጄ ቀባው፣ እኔ አጠብኩት። አልጋው በበሩ አላልፍ ብሎ ፈታነው። ባለቤቴ ያረፈችበት አልጋ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የራስጌው ምልክት ቀርቷል። ልጄ በቀለም ሊሸፍነው ሲል፣ ተወው አልኩት።

ምራቴ ተቆጣች። "አባባ፣ ይሄ ልክ አይደለም!"

"ሰርቪስ ነድቼ ነው ያሳደግኩት ባልሽን። ብተኛበት ምን እሆናለሁ?"

ሳቀች፣ እያለቀሰች። እኔ ግን ደስ ብሎኛል ብዬ እዚህ ላይ አልዋሽም። ከፍቶኛል። ግን ገባሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከሥራ ተመልሼ ልብሴን ሳሰጣ የምራቴ እናት መጣች። ልጄ የፊቱን በር ከፍቶ "ይግቡ እናቴ" ሲላት ሰማሁ። እሷ ግን በጎን ባለው መተላለፊያ ዞራ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ። እግሯ የሰርቪስ መንገድ ያውቃል። ቀጭን ሴት ናት። ፌስታሏን ሰርቪሱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ቀና ስትል አየችኝ።

"ይቅርታ ጌታዬ። ማደሪያዬ ይሄ መስሎኝ።"

"ይሄ ተይዟል፣ እመቤቴ። የእርስዎ ከፊት ነው።"

ፌስታሏን አነሳሁ። ከኋላዬ ልትከተል ስትል ቆምኩ፣ እንድታልፍ። የፊቱ በር ጋ ስትደርስ እሷም ቆመች። ቶሎ አልገባችም።

ጠበቅኳት። መጠበቅ ሥራዬ ነው።