ጥርስ ውስጥ የተገኘችው እናቴ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ብቻ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፤ አምስት ሺህ ዓመት የሞላው የሰው ጥርስ ውስጥ ተገኝተሻል። እሺ፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከመቶ ስምንት እጅ ብቻ። እስከ ዛሬ በሰው እጅ ነበር የማስጽፍልሽ። ይሄ በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው፤ ማንንም አላስቀደምኩብሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጸዳው ቤተ ሙከራ የጥንት ሰዎችን አጥንትና ጥርስ እየፈጩ ዘር ማንዘራቸውን የሚያጠኑበት ነው። አለቃችን ዶክተሯ በአንድ ጥርስ ላይ ሁለት ዓመት ለፍተዋል። ከዱቄቱ ያወጡትን ዘረመል ሲቆጥሩት ታዲያ፣ ከመቶው ቁራጭ ዘጠና ሁለቱ ስለ አንዲት እናት ያወራል፣ ስምንቱ ስለ ሌላ። «አንድን ሰው ሁለት እናቶች አይወልዱትም፤ ከዛሬ ሰዎች አንዱ ነካክቶታል» አሉ። ሁለት ወር ሙሉ የሠራተኛው ምራቅ ተመረመረ፤ የማንም አልሆነም። ምንጩ ካልታወቀ ልፋታቸው ሁሉ ሊጣል ነው። የእኔን ግን የጠየቀ የለም። መጥረጊያ የያዘ ሰው ምራቅ ያለው አይመስላቸውም።

እኔ ገብቶኛል። ፊደል የለየሁ ሰሞን ያየሁትን ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም ነበር፤ ድምፄን ካላወጣሁ ደግሞ አይገባኝም። ጭምብሌን ዝቅ አድርጌ፣ ጥርሱ የተቀመጠበት ክፍት ሳህን ላይ አጎንብሼ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብኩታ። የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን «ስታነብ ከሆድህ አውጣው» ይለኝ የለ? አወጣሁት።

ሥራዬ እንደሚሄድ እያወቅሁ ዶክተሯ ፊት ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ተናዘዝኩ። ምራቄን ወሰዱ፤ ስምንቱ እጅ አንቺ ሆነሽ ተገኘሽ። በእናት በኩል ብቻ የሚወረስ ነው አሉ፤ አባዬ እንዳይቀየም አስረጂው። አሁን የእኛን ለይተው እየቀነሱ የሟቹን ለብቻው ያነባሉ፤ ልፋታቸው ተረፈ። ተቆጡኝ፣ ተቆጡኝና ሳቃቸው መጣ። «እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ሁለት ወር አብረን ከርመናል» አሉኝ። አላባረሩኝም። የጥንቃቄ ውል ብቻ አስፈረሙኝ። ጸሐፊዋ የአውራ ጣት ቀለሙን ስታቀርብልኝ ወደ ጎን ገፋ አደረግሁና በብዕር ፈረምኩ።

እህቴ ይህን ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ ድስት ላይ ግን እንዳታጎነብስ። ዕድሜሽን እንደዚያ ጥርስ ያርዝመው።

ከመሰናበቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ዋሽቼሻለሁ። ደረቴን ነፍቼ አልቆምኩም። ሦስት ቀን በራቸው ላይ ተመላልሼ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፌ በበሩ ሥር አሾለክሁላቸው። ስለዚህ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ያ ነበር፤ ይሄ ሁለተኛው ነው። አትቀየሚኝ። የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሁለተኛዋ እናት የእኔ ናት።»

ልጅሽ