ለቴአትር ያዋስኩት ጥቁር ቀሚስ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22
ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትላ ገባች። ተቀመጡ ብል የሚቀመጥ ጠፋ። ያኔ ገባኝ።
ልጄ ሰብለ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተሳፈረችበት ሚኒባስ ትናንት ከሰዓት ጉም ውስጥ ተገልብጧል። ስልኳ እምቢ ሲለኝ ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።
ተከትለው የገቡት የሰፈሩ ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ጫማዬን ፈለግሁ። ማልቀስ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23
ቀበርናት። ዝናቡ አላባራም። ከጉድጓዱ ውሃ በጣሳ ሲቀዱ አየሁ።
ቦርሳዋን ሰጡኝ። ጥቁር ቀሚሴ ውስጡ አለ፤ ተጣጥፎ፣ ደረቅ እንደሆነ።
አባቷ ሲሞት የለበስኩት ነው። ሰብለ ክረምቱን ደብረ ብርሃን የጥንት ቴአትርና የመድረክ ትወና ትማር ነበር። ልጇ የሞተባት እናት ሆና እንድትጫወት ደረሳት። "እማዬ፣ ያንቺን ስጪኝ፤ የመድረኩ ልብስ ሐዘን አያውቅም" አለችኝ። ሰጠኋት። ደግሞ በስልክ፣ "ለአባባ እንዴት ነበር ያለቀስሽው? እስቲ አሰሚኝ" ብላ ነዘነዘችኝ። አለቀስኩላት። "በስመ አብ! አስተማሪያችን ቢሰማሽ እኔን አባሮ አንቺን ይወስዳል!" ብላ ሳቀች።
ዛሬ ያ ድምፅ የት ሄደ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 25
ሣልስቷ ነው። አብረዋት የሚማሩት ልጆች መጡ። አንድ ክፍል ትጋራት የነበረችው ትዕግስት እግሬ ላይ ወድቃ፣ "እማማ፣ መድረክ ልንወጣ አምስት ቀን ሲቀረን ቀሚሱን ላድርስ ብላ ተነሳች። ምን አስቸኮላት?" አለችኝ።
ከእግሬ ላይ አነሳኋት።
ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ። በስልክ ካለቀስኩላት በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ሰው ሳይሞት ማልቀስ፣ የሐዘን ልብስ ለጨዋታ ማዋስ፣ ሟርት ሆኖ ታየኝ። እሑድ ደውዬ "ቀሚሴን መልሺልኝ" አልኳት። "አንቺ ደግሞ! እሺ፣ ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለች።
ከሞት ላርቃት ብዬ ነው የጠራኋት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26
የአስካለን ጥቁር ልብስ ለብሼ እውላለሁ። የራሴ አልገባልኝም። ሰብለ ወገቡን በልኳ አጥብባዋለች። ጥቁር ክር አጥታ ነው መሰል በሰማያዊ ሰፍታዋለች፤ ኋላ ለመፍታት እንዲመች ትልልቅ አድርጋ።
አስካለ "አምጪ፣ እኔ ልፍታልሽ" ብላ መቀስ አነሳች። ቀሚሱን ነጠቅኋት። ድምፄ የመጣው ያኔ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27
ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ጉሙን ያወረድሽው አንቺ ነሽ? መኪናውን የነዳሽው አንቺ ነሽ?" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ። ልቤ ግን አልተቀበላቸውም።
ከሰዓት ትዕግስት ደወለች። ቴአትሩን ለሰብለ መታሰቢያ ሊያሳዩት ነው። የእናቲቱን ቦታ እሷ ትይዛለች። "እማማ፣ ያ ቀሚስ..." ብላ ሳትጨርስ ተወችው። ብከለክላት ሰብለ የምትቀየመኝ ይመስለኛል። ብሰጣት ደግሞ ትዕግስትም እናት አላት። ምን ላድርግ? አላውቅም። ቀሚሱ ጭኔ ላይ ነው።
ይህ ደብተር እጃችሁ የገባ ሰዎች፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። በጸሎታችሁ ጥሩልኝ። እኔ እንደገና ልጠራት ፈራሁ።