በሰርጌ ፎቶ ላይ ስለተጨመረችው እናቴ

ለክቡር የትዳር ቪዛ ማመልከቻዎች ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በብርዱ ወራት የማያስቸግርዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። በደብዳቤዎ ላይ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው "አመልካቿ" እያሉ ስለጠሩኝ፣ ለምደውታልና በዚሁ ስም ብንቀጥል ቅር አይለኝም።

ማመልከቻዬን ውድቅ ያደረጉበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ፊርማዎም ያምራል። ትዳሬ "ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል የተቀነባበረ ሊሆን እንደሚችል" በትህትና ገልጸውልኛል። መልሴን በአደባባይ የምጽፈው ክብርዎን ለመንካት አስቤ ሳይሆን፣ በደንቡ መሠረት የላክኋቸው መልሶች ደርሰው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ መሆኑን ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቴ በእርስዎ አገር በአንድ ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካል። የልቡ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነግሮታል፤ ነገር ግን ከሆስፒታል ሲወጣ ደግፎ የሚያነሳው፣ ገላውን የሚያጥበው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው ሰው ቤቱ ውስጥ መኖሩ ካልተረጋገጠ ቀጠሮ አይሰጠውም። ወደ አገሩ ተመልሶ ይታከም እንዳይሉኝ፣ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ተከልክሏል። ስለዚህ ያ ደግፎ የሚያነሳው ሰው እኔ ነኝ፤ እርስዎ የተጠራጠሩትም እኔኑ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ ለአያያዝ እንዲመችዎ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ። ትውውቃችንን በአንድ ገጽ እንድንገልጽ ታዘን ገልጸናል። ባለቤቴ ሱሪ ሊያሳጥር ወደምሠራበት ስፌት ቤት መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሱሪ መልሶ አምጥቶ አሁንም ረዝሞብኛል አለ። ሱሪዎቹ ሁሉ ከቁርጭምጭሚቱ ሸሽተው ሽቅብ መውጣት ሲጀምሩ፣ አጠገቤ የምትሰፋው ባልደረባዬ ኧረ እባክሽ ይሄን ሰውዬ እሺ በይው፣ በቁምጣ ሊቀር ነው እኮ አለችኝ። እኔም እሺ አልኩት። የተከበሩት መርማሪዎ ከገጹ ግርጌ "የስሜት መግለጫ ይጎድለዋል" ብለው ጽፈዋል። አስተያየታቸውን ተቀብያለሁ፤ ከፈለጉ በሚቀጥለው ጊዜ ዝናብና ጨረቃ እጨምርበታለሁ፣ ምንም እንኳ የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ቢሆንም፣ ፀሐዩም አናት የሚበሳ ቢሆንም።

ሁለተኛ። የተለዋወጥናቸው መልእክቶች "ተደጋጋሚና ከዕለት ተዕለት ጉዳይ ያልዘለሉ" ሆነው ተገኝተዋል። እውነት ነው። በላህ ወይ እለዋለሁ፤ በላሁ፣ አንቺስ ይለኛል። በማግስቱም እንደዚያው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስንባባል የኖርን ደረቆች መሆናችንን ያወቅነው እርስዎ ዘንድ ታትሞ ሲቀርብ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ በላሁ ሲለኝ ውሸቱን መሆኑን ያለወትሮው ከዘገየው መልሱ አውቄ፣ የምሰፋው ጨርቅ ላይ እንዳለቀስኩ ከፋይሉ ውስጥ ስለማይገኝ እዚህ ላይ ላስመዝግብ። በተጨማሪም "አፈር ስሆን ትንሽ ቅመስ" ብዬ የለመንኩትን ተርጓሚዎ ስለ ቀብሬ የማወራ አስመስለው ስላቀረቡት፣ ለአእምሮዬ ጤንነት ያሳዩትን ስጋት ከልብ አመሰግናለሁ። ምግብ እንዲበላ መለመኔ ነበር።

ሦስተኛ። ለየብቻ በተደረገልን ቃለ መጠይቅ ባለቤቴ ከአልጋው በየት በኩል እንደሚተኛ ስንጠየቅ፣ እኔ በግድግዳው በኩል፣ እሱ ደግሞ በበሩ በኩል ብለን በመመለሳችን አብረን ተኝተን እንደማናውቅ ተወስኗል። እሱ ወደ አገርዎ ከመሄዱ በፊት አብረን የኖርንባት ክፍል ጠባብ ናት። አልጋው በሩ ካለበት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፤ በሩም በአልጋው ምክንያት እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ እንግዳ ሲመጣ በጎኑ ይገባል። እርስዎ ሰፊ ክፍል ውስጥ ስለሚተኙ ይህ ባይታይዎ አልፈርድብዎትም።

አራተኛ። አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። ከምታቀርቧቸው ማስረጃዎች አንዱ "የሁለቱም ወገን ወላጆች የሚታዩበት የሰርግ ፎቶግራፍ" ይሁን ብላችሁ አዛችኋል። እኛም አቅርበናል። ባለሙያዎ በመሣሪያ መርምረው፣ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴት በኋላ የተጨመሩ መሆናቸውን ደረሱበት። እንኳን ደስ ያላቸው! እኔ ብጠየቅ ኖሮ ግን ያለ መሣሪያ እነግራቸው ነበር።

ያቺ ሴት እናቴ ናት። አባቴን ገና ልጅ ሳለሁ ስላጣሁት፣ የእኔ ወገን ወላጅ ማለት እሷው ብቻ ነበረች። በሰርጌ ዕለት ከአልጋ መነሳት አትችልም ነበር። ልትመርቀኝ እጄን ይዛ፣ እኔ የሌለሁበት ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንዳላይ አለችኝ። የእናት ነገር ነውና ምን ይደረጋል፣ ፎቶ አንሺው መላ ፈጠረ። አክስቴን የእናቴን ቀሚስ አስለብሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያም አንገቷ ላይ የእናቴን ፊት ከመታወቂያዋ አንስቶ አስቀመጠ። አክስቴ ወፍራም ናት፣ ስትቀመጥም እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ነው፤ እናቴ በዕድሜዋ እንዲያ ተቀምጣ አታውቅም። ፎቶው ሲደርስ አልጋዋ ድረስ ወሰድንላት። ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ ምነው እንዲህ ወፈርኩ እንዴ ብላ ስትስቅ ያልሳቀ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ራስጌዋ ላይ አሰቀለችው። ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እያየው ያልፍ ነበር፤ የማን አካል እንደሆነ የማያውቅ ዘመድም ጎረቤትም አልነበረም። ማታለል ማለት አንድ የሚታለል ሰው ይፈልጋል፤ እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ የተታለለ አልተገኘም፣ እርስዎ የመጀመሪያው ሆኑ።

እንግዲህ ወላጆች የሚታዩበት ስላላችሁን ያለንን እሱኑ ላክን። የተጨመረ ሰው ያለበት መሆኑን በማመልከቻው ላይ መጥቀስ እንደነበረብን አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ትዝም አላለን፤ እናቴን በሰርጌ ላይ እንደ ተጨመረች አድርጌ አስቤያት አላውቅምና። ደግሞ ባልና ሚስቱ በፎቶው ላይ ተራርቀው መቆማቸው አጠራጣሪ ነው ብለዋል። ከባለቤቴ ጎን የቆሙት ትልቅ ሰው አማቴ ናቸው። እሳቸው እያዩ ልጃቸውን እቅፍ አድርጌ ፎቶ ብነሳ ኖሮ፣ ዛሬ ትዳሩን የሚጠራጠሩት እርስዎ ሳይሆኑ እሳቸው ይሆኑ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ተነስታችሁ ትዳሬን አጠራጣሪ፣ እኔን አታላይ ብላችሁ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ዳግም እንዳላመለክት ከልክላችኋል። የባለቤቴ ልብ ዓመታት እንደማይጠብቅ የሐኪሙ ማስረጃ ከዚያው ፋይል ውስጥ አለ፤ ፎቶው እንደተመረመረ ያ ወረቀት ቢመረመር ኖሮ ምን ነበረበት! ክቡርነትዎ ሆይ፣ በጨዋ ቋንቋ እየጻፍኩ መሆኔ እንዳያሳስትዎ፤ ተናድጃለሁ። ከመናደዴም በላይ ፈርቻለሁ። የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ስልኬ ሲጮህ መርፌውን ጣቴ ላይ የማሳርፍ ሰው ሆኛለሁ።

የሆነው ሆኖ ምስጋና ይገባዎታል። ስንት ዓመት በትዳር ስኖር ባሌን መውደዴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እርስዎ ጠየቁኝ፣ በብዙ ገጽ፣ በማኅተም አረጋግጬ፣ በተፈቀደለት ተርጓሚ አስተርጉሜ መለስኩ። አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋይሌን ካስቀመጡበት መደርደሪያ አውርደው፣ ከፎቶው ሳይሆን ከሐኪሙ ማስረጃ ጀምረው እንደገና እንዲያነቡልኝ ነው። ፎቶው ቢያስቸግርዎ አክስቴ በማንኛውም ሰዓት ቀርባ አካሉ የእኔ ነው ብላ ለመመስከር ፈቃደኛ ናት።

የጎደለ ሰነድ ካለ በሁለት ኮፒ ለማቅረብ፣ የተረፈ ዘመድም ካለ ለመቀነስ ምንጊዜም ዝግጁ የሆንኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በእርስዎ ዘንድ አመልካቿ፣
በሰፈሬ ሰው ዘንድ ግን የጋጋሪው ሚስት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳልልከው ከእርስዎ አገር ስልክ ተደወለልኝ። ቢሮዎ መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነበር ያነሳሁት። ሆስፒታል ነው። ባለቤቴ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል፤ ራሱን ስለማያውቅ ቀዶ ሕክምናውን አሁኑኑ ለማድረግ የቅርብ ቤተሰብ ፈቃድ ይፈልጋሉ። የደወለችው ሐኪም በአስተርጓሚ በኩል ሚስቱ ነሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ፎቶ ላኪ አላለችኝም። የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ደረቱን እንድትከፍተው ፈቀድኩላት። ሲነቃ ሚስቴ የት አለች ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ ያለው ከእርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ ደውለው እንዲነግሩት የሆስፒታሉን ስልክ ቁጥር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።