በደች የሰማሁት

ጎንደር፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፤

በስልክ የማንነጋገረው ነገር ስለበዛ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ደግሞም በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ጌንት ባለው ቤትሽ ከአንቺ በቀር የሚያነበው የለም። ቆመሽ ብታነቢው፣ ብትደብቂው፣ ጨርሰሽም ብታቃጥይው ማንም ምን እንደነበረ አያውቅም። በራስሽ ጊዜ እንድታስቢበት ብዬ ነው።

«እማዬ» ብዬ ስጠራሽ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ በሞተ በዓመቱ ለሥራ ቤይሩት ስትሄጂ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝ ወንድምሽ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ እኔ አያ የምለው፣ አንቺን «እታለም» ነበር የሚልሽ፤ እኔም ከእሱ አፍ ወስጄ በስልክ እታለም እልሽ ነበር። አንቺም አላረምሽኝም። ለምን እንዳላረምሽኝ ያወቅኩት አምና ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ የመጣ ጊዜ «እዚህ መጥተሽ ተማሪ» አልሽኝ። «የእንስሳት ሕክምና ትወጃለሽ አይደል? እዚህ የሚሰጠው ግን በደች ቋንቋ ነው፤ ቢ ሁለት የሚሉት ደረጃ እስክትደርሺ መማር አለብሽ።» ቢ ሁለት ምን እንደሆነ ሳላውቅ እሺ አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽና የእንስሳት ሕክምና እዚሁ ጎንደርም አለ። እሺ ያልኩት ለዩኒቨርሲቲው ብዬ አልነበረም። ከአንቺ ጋር አንድ ቤት ውዬ ማደር ፈልጌ ነው። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ምን እንደምትመስዪ፣ ስትናደጂ ምን እንደምትዪ አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።

ትምህርቱን በኢንተርኔት ጀመርኩ። ዓመት ሳይሞላኝ በክልሉ ጦርነት ተነሳና ኢንተርኔት ተዘጋ። ሁለት ወር ያህል በደብተሬ ላይ የገለበጥኳቸውን ቃላት እየደጋገምኩ ከቆየሁ በኋላ፣ አያ አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለስ «ሰው አግኝቼልሻለሁ» አለኝ። አቶ አስናቀው ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሆላንድ አገር አራት ዓመት ተምረዋል፤ አሁን አዘዞ ይኖራሉ። መንገድ ክፍት በሆነ ቀን በሚኒባስ፣ ሚኒባስ ባቆመ ቀን በእግሬ፣ ተኩስ ባለ ቀን ደግሞ ቤቴ እየቀረሁ አንድ ዓመት ሙሉ ተመላለስኩባቸው።

መጀመሪያ ቀን የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩላቸው። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ገበያ ሄጄ ድንችና ወተት መግዛት እንደምችል። እስክጨርስ ሰሙኝና፣

«ሸጋ ነው። ገበያ ያደርስሻል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን አያደርስሽም» አሉኝ።

«ምነው?»

«እስካሁን የተማርሽው ልትጠይቂና ልትቀበይ ነው። እዚያ አስተማሪው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲናገር ሰምተሽ፣ ዋናውን ከተራው ለይተሽ ጽፈሽ፣ ኋላ ደግሞ 'ምንም እንኳ እንዲህ ቢሆንም እኔ ግን በዚህ አልስማማም' ማለት ይጠበቅብሻል። ቢ ሁለት ማለት ይቺ 'ምንም እንኳ' ናት።»

ከተማሪነታቸው የተረፈ የወተት ላም አረባብ መጽሐፍ አላቸው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በላስቲክ የታሰረ። ከእሱ አንድ ገጽ ያስነብቡኝና መጽሐፉን ዘግተው «በይ በራስሽ አፍ ንገሪኝ» ይሉኛል። ላም የበላችውን እንዴት እንደምታመሰኳ በደች ማስረዳት ችዬ፣ በአማርኛ ለመንገር ቃል ያጠረኝ ቀን አለ። ስሳሳት አይቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ፣ ያን ጊዜ ራሴ እመልሰዋለሁ።

ቤት ሆኜ ጮክ ብዬ ሳነብ አያ ተማሪዎቹን ዜማ አስተምሮ ይገባና ይሰማኛል። ያቺን ከጉሮሮ ተፍቃ የምትወጣ ድምፃቸውን ታውቂያታለሽ። እሷን ለማውጣት ስታገል አንድ ቀን ሳቁ መጣ።

«ይኼማ ብዙኃኑ ኀ ነው! እኛ ከሀ ከሐ ቀላቅለን የጣልነውን እነሱ ይዘውት ኖሯል!»

ከዚያ እንደ ዜማ ተማሪ ፊቱ አስቀምጦ ያስብለኝ ጀመር። አንድ የደች ቃል ሳያውቅ፣ ትናንት እንዴት እንዳልኩት አስታውሶ «ትናንት እንዲህ አላልሽውም» ይለኛል። ብዙ ጊዜ እሱ ነው ልክ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። አምና የቡሄ ማግስት ነው፤ ኢንተርኔት ከተመለሰ ብዙም አልቆየም፤ በቪዲዮ ደወልሽልኝ። አረንጓዴ ሹራብ ለብሰሻል። ስለ አያ ጉልበት እየጠየቅሽኝ ሳለ በር ተከፈተና ልጅሽ ሊዛ ገባች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሽው፤ እኔ የቤትሽን ጣሪያ ነው የማየው። እስከዚያ ቀን ድረስ በቤትሽ የሚነገረውን ደች እሰማለሁ እንጂ አይገባኝም ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለውን አይመስልም፤ ትቸኩላላችሁ፣ የቃሉን ጭራ ትውጡታላችሁ። አንቺም ይህን ስለምታውቂ ነው መሰለኝ ድምፅሽን ዝቅ አላደረግሽም።

«ማማ፣ ማናት?» አለችሽ።

«ኒኽቴ ናት፤ የእህቴ ልጅ። ለትምህርት ትመጣለች።»

«ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው?»

«ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

የማላውቀው ቃል አንድም አልነበረበትም። አቶ አስናቀው ስለ ቤተ ዘመድ ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ፤ በደች የእህት ልጅም፣ የወንድም ልጅም፣ የአክስት ልጅም ሴት ከሆነች ኒኽት ናት። ለአንቺም ኒኽት፣ ለሊዛም ኒኽት ሆንኩ። በአንድ ቃል ሁለታችሁንም አጣኋችሁ። ደግሞ እኮ አንቺ እህት የለሽም፤ ያለሽ አያ ብቻ ነው።

ስልኩን መልሰሽ አነሳሽ። ፊትሽ እንደ ቅድሙ ነው።

«ይቅርታ ወንጌል፣ ሊዛ ናት። ትምህርቱስ እንዴት ነው? ትንሽ ትንሽ ይገባሻል?»

«ገና ነው» አልኩሽ።

የዋሸሁሽ ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አላስተካከልኩትም። ይቅርታሽን የምለምንበት ነገር ካለ ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ በደወልሽ ቁጥር «ገና ነው»፣ ዘንድሮ ፈተናውን ካለፍኩ ወዲህ ደግሞ «የመጽሐፉ ይገባኛል፣ የቤታችሁ አነጋገር ግን ገና ነው» እያልኩሽ አንድ ዓመት ሙሉ ቤትሽን ስሰማ ኖርኩ።

አዘዞ መሄዴን አቆምኩ። ደብተሮቼን ሰብስቤ ቁም ሣጥን ላይ ጣልኳቸው። አያ ሦስት ሳምንት ጠበቀና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ድምፅሽ ጠፋብኝ። ምነው?»

የሰማሁትን ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም፤ ጥምጣሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«አንተም!»

«ልጅ እያለሽ ብነግርሽ ምን ታደርጊው ነበር? ተሸክመሽው ታድጊ ነበር እንጂ።»

ከዚያ ነገረኝ። ከቤይሩት ወደ ቤልጂየም የወሰደሽ ደላላ «ልጅ የለኝም በይ» ብሎሽ ጥገኝነት ስትጠይቂ እንደዚያው ቃል መስጠትሽን፣ ባልሽንም ያገባሽው በዚያው ቃል መሆኑን፣ ኋላ እውነቱን ብናገር የመኖሪያ ወረቀቴን ይነጥቁኛል እያልሽ ለአያ በስልክ ታለቅሺለት እንደነበር።

«ዜግነት ካገኘች ስንት ዓመት ሆናት?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰባት።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ የፈራችው ማንን ነው?»

«እሱን እሷ ትመልስልሽ። እኔ የእህቴን ፍርሃት እስከማውቀው ድረስ ነገርኩሽ፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ቃል የለኝም» አለና ጥምጣሙን አድርጎ ተነሳ። ሲቆም ጉልበቱ ስላመመው ክንዱን ያዝኩት። ተቆጥቼው ስለነበር እጄን መልሼ ልወስደው ፈለግኩ፤ ግን አልወሰድኩትም።

በሳምንቱ አቶ አስናቀው ከአዘዞ ራሳቸው መጡ። መጽሐፉን በላስቲኩ እንደታሰረ ይዘውታል። ምን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። «የጥጃ አወላለድ የሚለውን ምዕራፍ ሳንጨርሰው ነው የቀረሽው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቤልጂየም መሄዴን እንጃ። የምማርበት ምክንያት ጠፍቶብኛል።»

«ምክንያቱ ጠፋ እንበል። ላሟስ? ላሟን ማወቁም ጠፋብሽ?» አሉ።

አልጠፋብኝም ነበር። እማዬ፣ ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል። ለካ ወደ አንቺ መድረሻ ነው ብዬ በያዝኩት ትምህርት ውስጥ ሳላውቀው የራሴ የሆነ ነገር ገብቶ ኖሯል። ስለ ላም ጨጓራ ማንበብ እወድ ነበር። አንድ ረጅም የደች ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ግሡን መጨረሻው ላይ አሳርፌ ስወጣ ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ አዘዞ ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩት ለትምህርቱ ነው።

ሚያዝያ ላይ በላክሽልኝ ቲኬት አዲስ አበባ ወርጄ ተፈተንኩ። ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ ፈተናው አልነገርኩሽም። ንባቡንና ማዳመጡን በደህና ተወጣሁት፤ ድርሰቱ ላይ ሰዓት አጠረኝ። የንግግሩ ፈተና ላይ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ተቀምጠው «ተማሪ ከወላጆቹ ጋር ቢኖር ይሻለዋል ወይስ ብቻውን? አንዱን ይዘሽ ተከራከሪ» አሉኝ። ብቻውን የሚለውን ያዝኩ። ስለ ነፃነት፣ ራስን ስለማስተዳደር የተለመደውን አልኩ። ስጨርስ ሴትየዋ «የአንቺ ወላጆች የት ነው የሚኖሩት?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልተዘጋጀሁም።

«አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ ጌንት ትኖራለች» አልኩ።

እናቴ ጌንት ትኖራለች። በደች ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ሴትየዋ ምንም አልመሰላት፤ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

«ያንቺም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው። ታዲያ ለምን ከእሷ ጋር አትኖሪም?»

«ምንም እንኳ እናቴ ብትሆንም፣ በቤቷ እንግዳ ሆኜ መኖር አልፈልግም» አልኳት። ሰዋስዉ ልክ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ነው የተናገርኩት እውነት መሆኑ የገባኝ፤ ደጁ ላይ ደረጃው ጋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከኋላዬ የወጣው ተፈታኝ የወደቅኩ መስሎት ሲያጽናናኝ ነበር።

ማለፌን በነገርኩሽ ቀን እልል ብለሽ «ሊዛ ክፍሏን ታካፍልሻለች፤ ለጊዜው» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። አሁን ግን እወቂው፤ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪ ክፍል ጠይቄ አግኝቻለሁ። ትንሽ ክፍል ናት፣ አንድ መስኮት አላት።

ተቀይሜሻለሁ፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን የተቀየምኩት ብቻ ብሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከሥራ ቀርተሽ፣ ስልኩን አያ ጆሮዬ ላይ ይዞልኝ፣ ከቀትር እስከ አመሻሽ አልዘጋሽውም። ካርድሽ ሲያልቅ ይቋረጣል፤ ወዲያው ትመለሻለሽ። ምን ስትዪኝ እንደነበር አላስታውስም፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለሽ ነው የምትተነፍሺው። ያቺ ሴት «ልጅ የለኝም» ያለችው ወድዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ለምን ዝም እንዳልሽ ነው። ምናልባት ለሊዛ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶብሽ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ይገባኛል፤ እኔም ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ስንት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ለሊዛም ለአባቷም እኔ አልነግራቸውም። የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ፤ ቀኑንም አንቺ ምረጪ። ይህን ደብዳቤ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ወደ ብራሰልስ የምትመለስ ሴት በእጇ ትሰጥሻለች፤ ከእኔ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይደርስሻል።

መስከረም አምስት ጠዋት ብራሰልስ አውሮፕላን ማረፊያ እደርሳለሁ። ብቻሽን ከመጣሽ፣ ገና እንዳልነገርሻቸው አውቃለሁ። አቅፌሽ እስመሻለሁ፣ አያ የላከልሽን እሰጥሻለሁ፣ ከዚያ ወደ ጌንት በባቡር እሄዳለሁ፤ ባቡሩን ከወዲሁ አይቼዋለሁ፣ ማንንም ሳልጠይቅ እደርሳለሁ። አልቆጣም፤ እሑድ እሑድም እደውልልሻለሁ።

ከእነሱ ጋር ከመጣሽ ግን ቀድሜ አልናገርም። ሻንጣዬን አስቀምጬ እቆማለሁ። አንቺ በእነሱ ቋንቋ አስተዋውቂኝ፤ ቀስ ብለሽ መናገር አያስፈልግሽም፣ ይገባኛል።

ልጅሽ፣
ወንጌላዊት