በድምፅዋ ላይ ያወራህባት

ውድ የድሮ ጓደኛዬ፣

የባለቤቴን ድምፅ አፍነህ አስቀርተሃል። «ምን በደልኩት?» ብለህ ሾፌርህን ስለላክህብኝ መልሱ ይኸው ነው። ውድ ያልኩህም ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር እንጂ ከልቤ አይደለም።

እሑድ ጠዋት የድሮ ዘፈኖች ፕሮግራምህን የምትዘጋበት ዘፈን አለ። ዘፋኙ ሲያበቃ ከተቀባዮቹ አንዲቷ ብቻዋን አንድ ስንኝ ትላለች። ያቺ ተቀባይ ባለቤቴ ነበረች። በዕድሜዋ ሁሉ ብቻዋን የተቀረፀችው ያንኑ ነው። የባንዱ አስተዋዋቂ ስለነበርክ ይህን አጥተኸው አይደለም። ግን ሁልጊዜ ልክ እዚያ ሲደርስ ዘፈኑን ዝቅ አድርገህ «አይ ጊዜ! ውድ አድማጮቼ…» ትላለህ።

ሸክላው ቤታችን አለ፤ ማጫወት አላቃተንም። እሷ የፈለገችው ሰው እንዲሰማት ነው። ዘፍና እንደምታውቅ ብትነግራትም ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አላመነቻትም ነበር። ባለቤቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን ሬዲዮውን አልጋዋ አጠገብ አድርገን አብረን ጠበቅን።

«አሁን ነው! ዝም በሉ!» አለች።

ወሬህን ጀመርክ።

«ታዲያ የታለሽ?» ብላ ሳቀች ልብስ ሰፊዋ።

«ይኼ ሰውዬ አፉ አያርፍ!» ብላ እሷም ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰው ለምኜ የማላውቀው ሰውዬ ጣቢያው ድረስ መጥቼ ለመንኩህ። «ሰዓት አይበቃም፣ ወንድሜ» አልከኝ። ሰዓቱ አይደለም። አንተን እምቢ ብላ እኔን፣ አናጢውን፣ ስላገባች ነው። ስንኟ በሬዲዮ ሳይሰማ ሞተች።

ባለፈው ወር ያው ሾፌርህ መጣ። «አባባ፣ የጣቢያው ሸክላ ተሰነጠቀ። ጋሼ ያለዚያ ዘፈን አድማጮቼን አልሰናበትም ብለዋል፤ የእርስዎን ያውሱን» አለኝ።

«ሸክላው አለኝ፤ ግን አልሰጥም» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ከዚያ ሸክላውን በፎጣ ጠቅልዬ ተፎካካሪህ ጣቢያ ሄድኩ። አቅራቢዋን «ዘፈኑ ሳያልቅ አፍሽን ከከፈትሽ ይዤው እሄዳለሁ» አልኳት።

«እሺ አባባ፣ ትንፋሼንም እይዛለሁ» አለች። ያዘችም።

እሑድ አንተ በምትሰናበትበት ሰዓት ባለቤቴ ስንኟን እስከ መጨረሻው አለችው። ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን አቁማ «ውይ፣ የኔ እህት! ለካ እውነትሽን ነው!» ብላ ሬዲዮውን እንዳናገረችው ኋላ ነገረችኝ። አቅራቢዋ የባለቤቴን ስም ከነአባቷ ጠራች። ያንተን አልጠራችም፤ ስለ ባንዱ ስትጠይቀኝ ዘልዬህ ነበር። አንተ በሌላ ዘፈን እንደተሰናበትክ፣ ድምፅህም እንደተንቀጠቀጠ ሾፌርህ ነገረኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አላፍርበትም።

ይቅርታ ልትል ከመጣህ ወንበር አቀርብልሃለሁ። ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጉልበትህም ሕመም እንጨዋወታለን። ስለ እሷ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ግን እንዳልሰማ ሰው ሥራዬን እቀጥላለሁ። ይህን ነገር ዛሬ ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ለአንተም ለማንም አላነሳውም።

ባሏ