ዓለም ጤና ላይ የቀሩት ሽማግሌዎችና የሌለው አምስተኛ ጎማ

ለተከበሩ አቶ ነገሪ
የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫ ድርጅት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የአዳማ ሙቀት እንዳይበረታብዎ፣ የቢሮዎ የአየር ማቀዝቀዣም ለአፍታ እንኳ እንዳይቋረጥ፣ የሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ወንበር ከእግሮቹ አንዱ ሳይጎድል ዘመንዎን ሙሉ እንዲያገለግልዎ ከልቤ እጸልያለሁ። አንድ እግር ሲጎድል ሰው ምን እንደሚሆን በእርስዎ ድርጅት ቸርነት በቅርቡ ስለተማርኩ፣ ይህ ጸሎት ከሌሎቹ ሁሉ ጠንከር ብሎብኛል።

ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክሁልዎትን ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኙ ጸሐፊዎ በአክብሮት ስለገለጹልኝ፣ ይህኛው በሥራ ብዛት እንዳያመልጥዎ በማሰብ ግልጽ ደብዳቤ አድርጌ ከተማው ሁሉ እንዲያነብልዎ አውጥቼዋለሁ። አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውስዎታል።

ኢተፋ ቱሉ እባላለሁ። የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። ውኃ በየት በኩል ሊያመልጥ እንደሚችል ከማምለጡ በፊት ማሰብ እንጀራዬ ስለሆነ፣ ቤተሰቦቼ ነገር የሚያጠብቅ ሰው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የቤተሰብ መኪና ለመምረጥ ወደ አዳራሽዎ ስመጣ የመለኪያ ሜትር ይዤ ነበር። ባለቤቴ ዘርፉ ከመቂ የምታመጣው ሽንኩርት የሚያስገባ የኋላ ሻንጣ ፈለገች፤ ልጄ ኢዩ የመቀመጫውን ምቾት ትቶ የስክሪኑን ስፋት አየ፤ እኔ ደግሞ መኪናዋ ከአዳማ አዳሚ ቱሉ ደርሳ ቻርጅ ሳትደረግ መመለሷን፣ ከመሬት ያላትን ከፍታና የኋላ ወንበሯ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው ሳይታጠፍ መያዙን አረጋገጥኩ። ለምን አዳሚ ቱሉ፣ ለምን ሦስት ሰዎች እንዳልኩ ከዚህ በታች ይረዱታል። አሁን ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። የሽያጭ ሠራተኛዎን ትሕትና ሳላመሰግን ባልፍ ነውረኛ እሆናለሁ። ስኮርታው፣ ማለትም ትርፍ ጎማው፣ የት እንዳለ ስጠይቀው ወጣቱ የኋላውን ሻንጣ ምንጣፍ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ከሥር ነው ጋሼ፣ አይታይም እንጂ አለ» አለኝ። ምንጣፉን ልገልጥ እጄን ስሰድ ግን የድርጅትዎ ስጦታዎች፣ ማለትም ጃንጥላው፣ የእግር ምንጣፎቹና የታሸገ ውኃው ካርቶን ከላዩ ተከምረው፣ ቀዩ ሪባን ተጠምጥሞባቸው፣ ፎቶ አንሺውም «ኢንጂነር ወደዚህ ይዩልኝ» እያለ ነበር። አየሁ። ፎቶው ዛሬም ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ አንድ ሰው በሌለ ጎማ ላይ እጁን አሳርፎ ፈገግ ሲል ማየት ለእንግዶቻችን ትልቅ መዝናኛ ሆኗል።

ሁለተኛ። ልጄ ኢዩና የአዳሚ ቱሉዋ ጋዲሴ ከተፈላለጉ ቆይተዋል። የጋዲሴ አባት ኦቦ ምልኬሳ ሽማግሌ የምንልክበትን እሑድ ቆርጠው ነገሩን። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ስለሆኑ ወጉን ያውቁታል፤ ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ፀሐይ ሳይበረታ ይደርሳል፣ ተቀመጡ እስኪባል ይቆማል፣ የመጣበት ጉዳይ ቃል እስኪያገኝ ምንም አይቀምስም። የሙሽራው አባት ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም። ስለዚህ እኔ የሾፌር ኮፍያ አድርጌ፣ ከግቢው ራቅ ብዬ ወፍጮ ቤቱ ጋ ልጠብቃቸው ተስማምተን በማለዳ ተነሣን። ከኋላ የተቀመጡት የአባቴ ታናሽ ወንድም ኦቦ ዳዊ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ጠሃና የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ነበሩ። ኦቦ ዳዊ በዕድሜያቸው ለሽምግልና ሄደው እምቢ ተብለው አያውቁም ነበር፤ ይህን «ነበር» ብዬ እንድጽፍ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።

ቆቃን እስክናልፍ ድረስ ሽማግሌዎቹ መኪናዋን ሲያመሰግኑ ነበር። ኦቦ ዳዊ ብቻ «ሞተሩ ካልጮኸ መሄዳችንን በምን እናውቃለን?» ብለው ሠጉ። መቆማችንን ግን ያለ ችግር አወቅነው። ዓለም ጤና ከተማን አለፍ እንዳልን የተሰበረ የአስፋልት ጠርዝ የቀኝ የኋላ ጎማችንን ጎኑን ስንዝር ያህል ቀደደው። ወርጄ ከኋላ ሻንጣው የሽማግሌዎቹን ጋቢዎች አነሣሁ፣ የሽያጭ ሠራተኛዎ በፍቅር መታ መታ ያደረገውን ምንጣፍ ገለጥኩ፤ ከሥሩ ያገኘሁት አንዲት ትንሽ የአየር መሙያና አንድ ጠርሙስ ነጭ ፈሳሽ ነው። ቀዳዳው የሚስማር ቢሆን ፈሳሹ ይደፍነው እንደነበር አልክድም። ስንዝር የሚያህል ቅዳድ ግን የገባለትን ሁሉ መልሶ ተፋውና ዘርፉ በሊስትሮ ያስጠረገችውን የኦቦ ዳዊን ጫማ ነጭ ቀባው። ሐጂ ጠሃ ይህን ቆመው ካዩ በኋላ፣ «ኢተፋ፣ ወተቱን ለጎማው ከምታጠጣው ለእኛ ብትሰጠን ምን አለ? ቁርስ አልበላንም እኮ» አሉኝ። መጋቢያችን ጸለዩ፣ ሐጂም አሜን አሉ። ጎማው ሁለቱንም አልሰማም።

በዚህ ጊዜ በመስታወቱ ላይ «ለድንገተኛ ችግርዎ ሌት ተቀን አለንልዎ» ተብሎ ወደተለጠፈው ስልክ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ልጅ ድምፅዋ እንዴት ያለ ማር ነበር! «ምንም አያስቡ ጌታዬ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ቅርንጫፋችን ይዘውት ይምጡ» አለችኝ። በምን ይዤው እንደምመጣ ስጠይቃት ጥያቄዬን ለሚመለከተው ክፍል እንደምታቀርብ ቃል ገባችልኝ። የሚመለከተው ክፍል እስከ ዛሬ እየተመለከተው እንደሆነ አምናለሁ።

ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን ወደ መቂ ይሄድ የነበረ የአይሱዙ ሾፌር አዝኖልን ቆመ። ኦቦ ዳዊ ጋቢና ገቡ፤ ሐጂ ጠሃና መጋቢያችን ከኋላ በባዶ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀመጡ። እኔ ከእርስዎ መኪና ጋር ቀረሁ። ከመቂ በሚኒባስ ተሳፍረው አዳሚ ቱሉ ሲደርሱ ቀትር አልፎ ነበር። ልጄ ስለ ጎማው ከእኔ በስልክ የሰማውን ለጋዲሴ ደውሎ ነግሯት ስለነበር ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ከማለዳ ጀምረው የጠበቁት የኦቦ ምልኬሳ ወንድሞች ተበትነው ሄደዋል። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩት ኦቦ ምልኬሳ ሽማግሌዎቹን በር ላይ ተቀብለው፣ ሳይሳደቡ፣ እየሳቁ፣ «ስኮርታ ሳይዝ መቂን ሊያልፍ የተነሣ ቤት ልጄን የት አድርሶ ሊጥላት ነው?» አሏቸው። ኦቦ ዳዊ ነጭ የተቀባውን ጫማቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ኦቦ ምልኬሳ ግን ጨካኝ አይደሉም። ሌላ እሑድ ሰጡን። ቅድመ ሁኔታቸውም አንድ ብቻ ነው፤ በዚያችው መኪና እንድንመጣ፣ በሰው መኪና እንዳንደበቅ፣ ስኮርታችንንም በሩ ላይ ሻንጣውን ከፍተን እንድናሳያቸው። ያ እሑድ ካመለጠን ከመቂ የሚመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች ተራ እየጠበቁ ነው። እሑዱ የፊታችን እሑድ ነው።

ሦስተኛ። ይህን ቁጥር ለእርስዎ ይቅርታ ባዶ ትቼዋለሁ። ቦታው ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ፤ እስካሁን ካየሁት ግን ይተርፍዎታል።

አራተኛ። የተቀደደውን ጎማ በአዲስ ከተካሁ በኋላ አንድ ትርፍ ቸርኬ ከነጎማው እንዲሸጡልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩ። ያስተማሩኝን አልረሳውም። «ኢንጂነር፣ ስኮርታ የድሮ አስተሳሰብ ነው፣ ዓለም ትቶታል» አሉኝ። ዓለም መተዉን የዓለም ጤና አስፋልት ገና እንዳልሰማ ስገልጽልዎ ሣቁ። ቸርኬው ለብቻው ወደ አገር እንደማይገባ፣ በጭራሽም እንደማይገኝ ነገሩኝ። አልፈው ተርፈውም «እኔ ራሴ በዚችው መኪና ያለ ስኮርታ ነው የምነዳው፤ ምን ሆንኩ?» ብለው ደረትዎን ነኩ። አመንኩዎት። ከዚያ በኋላ በአዳማ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ጋ ዞርኩ፤ አዲስ አበባም ሄድኩ። አንዱ ቸርኬ ቀዳዳው አይገጥምም፣ ሌላው ይገጥምና ፍሬኑን ይነካል። ልጄ ኢዩ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እጄን ያይና ባዶ መሆኑን ሲያውቅ ወደ ክፍሉ ይገባል። ጋዲሴም ስልክ ማንሣት እየቀነሰች ነው ትለኛለች ዘርፉ። ይህችን አንዲት ነገር በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አልሆነልኝም።

አምስተኛ። ባለፈው ሐሙስ መኪናዬን ለማሳጠብ ላቫጆ ሄድኩ። ከፊቴ የቆመችው ነጭ መኪና የእኔዋ እኅት ነበረች፤ ዓይነቷም፣ ዓመቷም አንድ ነው። አጣቢው ውስጧን ሊጠርግ የኋላዋን ከፈተ። በአበባ የተጌጠ የሕፃን ብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ በገመድ ግራና ቀኝ ታስሮ፣ ክብ ነገር ተኝቷል። ብርድ ልብሱ አንድ ጥግ ላይ ተገልጦ ነበርና አየሁት። ሳልነካ፣ በዓይኔ ብቻ ለካሁት። የቸርኬው ስፋት ያው ነው፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ አቀማመጥ ያው ነው፣ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእኔ ጎማ ቁጥር ጋር አንድ ነው። የማን መኪና እንደሆነች ስጠይቅ አጣቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሥራ አስኪያጁ ናት አባቴ፤ ስኮርታዋን ውኃ እንዳታስነካ ብለውኛል» አለኝ።

ክቡር አቶ ነገሪ፣ ለጎማ ብርድ ልብስ የሚያለብስ ሰው ርኅሩኅ ልብ እንዳለው አልጠራጠርም። ዓለም የተወውን የድሮ አስተሳሰብ ብቻዎን ታቅፈው፣ ከብርድ ጠብቀው፣ ከእኛ ዓይን ሰውረው ማኖርዎም የቅርስ ጠባቂነት ሥራ ነው። እኔን ያናደደኝ ጎማው ለእርስዎ መኖሩ አይደለም። መንገዱን ያውቁታል ማለት ነው። አስፋልቱ የት የት እንደተሰበረ፣ ያ ነጭ ፈሳሽ ምን እንደማያደርግ፣ ከቆቃ ወዲያ ሰው ቢቆም ማን እንደማይደርስለት አስቀድመው ያውቃሉ። አውቀው ለራስዎ አዘጋጁ፤ ለእኛ ሪባን አሰሩልን።

የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት ከድርጅትዎ በጋራ መኪና ለመግዛት አስበው እንደነበር በእጅዎ ካለው ጥያቄያቸው ያውቃሉ። መኪናውን የሞከርኩት እኔ ስለሆንኩ ጠቅላላ ጉባኤው አስተያየቴን በጽሑፍ ጠይቆኛል። ብዙ ልደክም አልፈለግሁም፤ ይህንኑ ደብዳቤ አባዝቼ ሰኞ ጠዋት አድላለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር ክፍት ትቻለሁ፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው ከእሑድ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ጥያቄዬም እነሆ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ኦቦ ዳዊ፣ ሐጂ ጠሃና መጋቢያችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከግቢዎ በር ይቆማሉ። የሚጠይቁዎት ልጅዎን ሳይሆን ጎማዎን ነው፤ ለአንድ እሑድ ብቻ። በወጉ መሠረት ቃልዎን እስኪሰጡ ድረስ ተቀመጡ ቢሏቸው አይቀመጡም፣ ብሉ ቢሏቸው አይቀምሱም፣ ሂዱ ቢሏቸውም አይሄዱም። ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ የዋለበት ቤት በሰፈሩ ምን እንደሚባል ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ኦቦ ዳዊ አንድ ጊዜ እምቢ ስለተባሉ በሁለተኛው የመመለስ ሐሳብ የላቸውም።

የብርድ ልብስዎን ለስላሳነት፣ የገመድዎን ጥብቀትና የልብዎን ስፋት ከልብ በማድነቅ፣ በአራት ጎማ ቆሜ አምስተኛውን ከእጅዎ የምጠባበቅ፣

የዘወትር ደንበኛዎ
ኢተፋ ቱሉ
የመስኖ መሐንዲስ፣ አዳማ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ለሥራ ወጥቻለሁ ብለው በጠዋት ሊነዱ ቢያስቡ፣ ሐጂ ጠሃ ከመውጣትዎ በፊት ሻንጣውን በጎረቤት ፊት እንዲከፍቱላቸው ይለምኑዎታል፤ እምቢ እንዳይሏቸው፣ ሐጂ ጮክ ብለው ነው የሚለምኑት። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ቀርተው እንደ ባለፈው ይዘገዩ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ከሆነ ግን ላሳውቅዎ፤ ቤትዎ ከሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ የሚመጡት በእግራቸው ነው።